በስልክ የታረሰ፣ በማጭድ የተከፈለ

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
ሚያዝያ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ፣ መሪጌታ ይስሐቅ
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት

ጉባኤዎ የሞላ፣ ድምፅዎ ያልደከመ፣ ጾሙም የቀለለልዎ ይሁን እያልኩ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ሚያዝያ ገብቶም በረዶው አልሄደም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስላል።

የጠየቁኝን ስልክ በሰው እጅ ልኬያለሁ። ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይዎ ሰፊውን መርጫለሁ። ‹‹ስድስት ቤት ተቆጥሮ የሚገናኝ ዘመድ ስልክ ይጠይቃል ወይ?›› ብለው መጨነቅዎን ከደብዳቤዎ አይቻለሁ። ይጠይቃል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ከጋይንት እስቴ ድረስ በእግርዎ መጥተው ፍትሐት ሲያደርሱ እርስዎም ቤት አልቆጠሩም።

ስልኩ ውስጥ አንድ ጌም ገዝቼ አስጭኜልዎታለሁ። ስሙ ‹‹ጥማድ›› ነው፤ በሁለት በሬ ዳገት ማረስ ነው። የሠራችው መቅደስ ተክለሃይማኖት የምትባል የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት። ፊዚክስ ታስተምር ነበር። አሁን ከአንድ ልብስ ሰፊ ጀርባ ክፍል ተከራይታ፣ ብቻዋን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት በሬ ስታራምድ ቆይታለች። ዘመዳችን አይደለችም፤ ጠይቄያለሁ።

ያገኘኋት እንዲህ ነው። እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀደደ መጽሐፍ እየሰፋሁ እንደምኖር ያውቃሉ። አጠገቤ የሚሠራ አንድ ፊንላንዳዊ አለ፤ ዝምተኛ ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮኛል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ‹‹ና ዳልቻ! ና ተመለስ!›› ሲል ሰማሁት። በአማርኛ። ሄጄ ባይ የእስቴ ዳገት ነው።

እስቲ ይሞክሩት። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ሰናይት

—

ቤተ ልሔም
ግንቦት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት

በረዶው በደጅሽ ይቅር፤ ወደ ልብሽ አይግባ። የሰፋሽው መጽሐፍ አይተርተር፤ የቀደደውም ይታረም። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

ይህን የጻፍሁት በቀለምና በወረቀት ነው። ከእኔ ዝቅ ብሎ ተማሪዎቹን ዜማ እያስደገመ የሚያስቀጽለው ኤፍሬም በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። ደብዳቤው በደቂቃ ይደርሳል፤ መልሱ ወር ይፈጃል። መሣሪያው ፈጥኗል፤ ሰው ባለበት ነው።

ስልኩ በሰላም ገብቷል። ጨዋታውን በሚመለከት ግን ልንገርሽ፤ እኔ ስድሳ አራት ዓመት የሞላኝ የዜማ መምህር ነኝ። ጨዋታ አልጫወትም። ስለዚህ ትናንት አንድ ጥማድ መሬት ብቻ አረስሁ፤ ዛሬ ጥዋት ደግሞ የቀረችውን ጥግ።

ልጄ፣ እኔ ከአባቴ እርሻ ኮብልዬ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት። እርፍ ከጨበጥሁ ሃምሳ ዓመት ሆነኝ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሬው ኪሴ ውስጥ ገብቶ አገኘኝ። ያውም ሳላበላው ከቆየሁ እምቧ ይላል፤ ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ሊገባ ሲል ጮኾ አዋርዶኛል። ዳልቻ የሚባለው ግራ በሬ ሰነፍ ነው፤ ቦራ ደግሞ ችኩል ነው። የአባቴ በሬዎች እንደዚሁ ነበሩ። ይህች ልጅ ይህን ከየት አወቀችው?

ነቀፌታ ግን አለኝ። በጨዋታው ውስጥ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለት ቀን አረስሁ፤ ማንም አልከለከለኝም። በሚካኤል ዕለት! ጎረቤት የለም ወይ? በእኛ አገር ቢሆን ማታውኑ ስሜ ሰፈሩን ዞሮ ይገባ ነበር። ይህን ንገሪያት። የማይታረስባቸውን በዓላት ዝርዝር ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ረዘም ይላል።

መሪጌታ ይስሐቅ

—

ታምፔሬ
ሰኔ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ

ክረምቱ በልክ ይግባልዎ፤ ጎጆዎቹም አያፍስሱ።

ዝርዝርዎን ለመቅደስ አስተላልፌላታለሁ። ‹‹ረዘም ይላል›› ያሉት በትሕትና ነው። ሦስት ሳምንት ሠርታ ሁሉንም አስገብታዋለች። አሁን በሚካኤል ዕለት ያረሰ ሰው፣ ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ቆሞ ያየዋል። አይሳደብም፣ አይቀጣም። ዝም ብሎ ያየዋል። ባልደረባዬ ከዚያ ወዲህ በበዓል አርሶ አያውቅም።

ሌላ ሰው ከዚሁ ከፊንላንድ ‹‹በወር ውስጥ የማይታረስበት ቀን በዛ፤ የአሠራር ስሕተት ይሆን?›› ብሎ ጽፎላት ነበር። ‹‹ስሕተት አይደለም፤ ዕረፍት ነው። በሬዎቹን ይጠይቋቸው›› ብላ መለሰችለት።

የሚጻፍላትን ሁሉ የምትመልሰው ራሷ ናት። ቢሆነኝ የሚባል የስማዳ ገበሬ ‹‹በሬዎችሽ ትልሙ ጫፍ ሲደርሱ አዟዟራቸው ልክ አይደለም፤ እንዲህ ቢዞሩ ቀንበር ይሰብራሉ›› ብሏት፣ ያንን የወገዳ መንገድ በመኪና እየተንገጫገጨች ሄዳ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከሞፈሩ ኋላ ስትከተለው ዋለች። ተመልሳ የስምንቱንም እግር ርምጃ እንደገና ሠራችው። ለዚህ ማንም ተጨማሪ አልከፈላትም። ዋጋው መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ አንዴ ይከፈላል፣ በቃ። በመሀል ማስታወቂያ አይገባም፤ ‹‹ቦራ ደክሞታል፣ ብር ጨምሩለት›› አይልም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የውርርድ ድርጅት ሥራ ሰጥቷታል። ሥራው የዕድል መንኰራኩር ሲሽከረከር እንዲያምር ማድረግ ነው፤ ደመወዙ ጥሩ ነው ይላሉ። ‹‹እስከ ጥምቀት ጠብቁኝ›› ብላቸዋለች። እስከዚያ ጌሙ የክፍሏን ኪራይና የምሳዋን መቻል ካቃተው፣ በሬዎቹን ፈትታ ትሄዳለች።

ለመሆኑ በእናንተ ዘንድ የገዛ ሰው አለ?

ሰናይት

—

ቤተ ልሔም
ሐምሌ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት

ጤናሽ ይብዛ። መልስ የዘገየው በዝናቡ ምክንያት ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ደኅና ነው። ገብሱ ደኅና ነው። ባቄላውም እስካሁን ደኅና ነው።

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ።

ከተማሪዎቹ ጎጆዎች አራቱ ያፈሳሉ፤ ለላስቲክ የሚሆን ነገር ብትልኪልን ምርቃቱ ብዙ ነው።

ጨዋታዋ እዚህ ተወዷል። በጣም ተወዷል። የማይወደው የለም ማለት ይቻላል። ይህን ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።

መሪጌታ ይስሐቅ

—

ታምፔሬ
ነሐሴ 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ

ፍልሰታን በሰላም እንደፈቱ ተስፋ አደርጋለሁ። የላስቲኩን ልኬያለሁ።

ነገርኳት፤ ደስ አላት። ከዚያ ግን ቆጠረች።

ከጋይንት የጻፉላት ሰዎች ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ናቸው። ጽሑፋቸው ያማረ ነው። ሁሉም ጤናዋን ጠይቀው፣ እናት አባቷን መርቀው፣ ከዚያ ነው ወደ ቅሬታቸው የሚገቡት። አንዱ አቤቱታውን በግእዝ ነው ያቀረበው፤ ገብሱን የሚያጠፋው ዝንጀሮ ስለምን በዓል እንደማያከብር ይጠይቃል። መቅደስ መልሱን ፍለጋ ቄስ ዘንድ ሄዳለች።

በጋይንት የተሸጠው ግን አንድ ነው። እሱም እኔ ለእርስዎ የገዛሁት ነው።

አልተቆጣችም። ጌሙን ከስልክ ወደ ስልክ እንዳይቀዳ መቆለፍ ትችል ነበር። ያልቆለፈችው ግን ቁልፉ ሁልጊዜ ኔትወርክ ስለሚፈልግ ነው፤ ‹‹ኔትወርክ የሌለበት ገበሬ ገዝቶ ደጅ እንዳይቀር›› ብላ ነው። እኔም አልተቆጣሁም። የሚያውቁት ነገር ካለ ግን፣ የኔታ፣ ከዝናቡ ቀጥሎ ቢጽፉልኝ።

ሰናይት

—

ቤተ ልሔም
መስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት

ዘመኑ የተባረከ ይሁንልሽ። ዝናቡ አባርቷል፤ ስለዚህ የምጽፈው ሌላ ነገር የለኝም።

እኔ ነኝ።

በትንሣኤ ማግስት ስልኩ እንደደረሰኝ፣ ሦስት ቀን አርሼ፣ ተማሪዎቹን ሰብስቤ ኤፍሬምን ‹‹ለሁሉም ቅዳላቸው›› አልሁት። ከስልክ ወደ ስልክ ቀዳላቸው። ስልክ የሌለው የባልንጀራውን እየተዋሰ ነው የሚያርሰው። ልጄ፣ በዚህ ጉባኤ ዕውቀት አይሸጥም። ከመምህሬ ያለ ዋጋ ተቀብዬ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለ ዋጋ ሰጥቻለሁ። መልካም ነገር ሲገጥመኝ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማደል። ያን ቀን ለጋስነቴ ራሴን ደስ አሰኝቶኝ ነበር። የሰው ንብረት ሲሰጡ ደግነት እንዴት ቀላል እንደሆነ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ያንቺ ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላም ቢሆን ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ከረምሁ። ‹‹እርሷ ምን ጎደለባት? በሬዎቿ እንዳሉ ናቸው›› እያልሁ። ከዚያ በመስቀል ሰሞን ከነፋስ መውጫ አንድ ነጋዴ መጣ። ብራና ይገዛል ተባለ። መምህር ለመባል ለምስክርነት ስበቃ በእጄ የጻፍሁት የዜማ መጽሐፍ አለኝ፤ ቆዳውን ራሴ ፍቄ፣ ቀለሙን ራሴ አንጥሬ፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የፈጀብኝ። ልሸጠው አይደለም፤ እንዲያይልኝ ነው ያወጣሁለት። አነሣው። በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። ከዚያ ቅጠሉን ይቆጥር ጀመር።

‹‹የኔታ፣ ሃያ ስድስት ፍየል ቢሆን ነው›› አለኝ። ‹‹ቆዳ ደግሞ ዘንድሮ ረክሷል።››

‹‹ጽሑፉስ?››

‹‹ጽሑፉማ የራስዎ እጅ አይደል? ምን አወጡበት?››

ሰናይት፣ መቋሚያዬን አነሣሁ። ክህነቴን ትቼ ልጨርሰው ነበር። ይህኔ ዳልቻ ከኪሴ ውስጥ እምቧ አለ።

ተቀመጥሁ። ነጋዴው መልአክ የገሠጸኝ መስሎት ወጥቶ ሄደ። እኔም እንዳልተሳሳተ ነው የማስበው።

ከዚያ ወዲህ ያሰብሁት ይህ ነው። እኔ ያለ ዋጋ የማስተምረው አገሩ ስለሚያበላኝ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ገብስ ይሰፍርልኛል፤ ተማሪው ውኃ ይቀዳልኛል። ነጻ የሚባለው ነገር ከኋላው ሁልጊዜ የሚሰፍር ሰው አለው። ለመቅደስ ማን ሰፈረላት? እንዲሰፍሩላት የምትጠብቀው እኛን ነበር። እኛ መርቀናት ሄድን።

አሁን እንዴት አድርጌ እንደምመልሰው አላውቅም። ‹‹ደምስሱት›› ብዬ አዘዝኋቸው። አንዱ ‹‹የኔታ፣ ያረስነውስ?›› አለኝ። 

ኃጥኡ ይስሐቅ

—

ታምፔሬ
ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ አንዴ ለቁም ነገሩ፣ አንዴ ለነጋዴው። ባልደረባዬም ተተርጉሞለት ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ለመቅደስ ነገርኳት። ‹‹የኔታን አታስጨንቂያቸው፤ በዓላቱን ያስተካከሉልኝ እሳቸው ናቸው›› አለችኝ። የክፍሏን ኪራይ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከፍላለች። ከዚያ በኋላ ስላለው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ልብስ ሰፊው ግን ሻንጣ ስታስጠግን አይቷታል።

የሁሉንም እኔ ብከፍልስ? አሮጌው ካፖርቴ አንድ ክረምት ይጨምርልኛል። ይፍቀዱልኝ።

ሰናይት

—

ቤተ ልሔም
ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት

አትክፈይ። ካፖርትሽን ግዢ። ይህን ያህል የቆየሁት ሥራ ላይ ስለነበርን ነው።

እንዲህ ሆነ። ተማሪ ብር የለውም፤ ጉልበት ግን አለው። ከጥንትም በአጨዳ ጊዜ ተማሪ ገበሬውን አግዞ እህል ይዞ ይመለሳል። እንግዲህ በጉባኤ ተናገርሁ። ‹‹በስልክ ያረሳችሁ ሁሉ ማጭድ ፈልጉ። የምታገኙት ገብስ ይሸጣል፤ ብሩ መካነ ኢየሱስ ይሄዳል። የማይፈልግ ይደምስስ፤ አልቀየመውም።›› ሦስት ሰዎች ደመሰሱ። ከሦስቱ ሁለቱ በማግስቱ ማጭድ ይዘው መጡ።

መጀመሪያ የገባነው የወይዘሮ ሙሉነሽ ማሳ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ አፏ እንደ ማጭዷ የሆነ ሴት ናት። ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየን ጀመር።

‹‹እናንተ ልጆች! ማጭዱን በአውራ ጣት ነው እንዴ የያዛችሁት?››

‹‹ለምደን ነው እሜቴ›› አላት ኤፍሬም።

‹‹የት የለመዳችሁት ነው? ደግሞ የኔታን ያህል ሰው ጎንበስ ያሰኛችሁ ምን ቢገጥማችሁ ነው?››

‹‹የበሬ ዕዳ አለብን።››

‹‹የታለ በሬው?››

ኤፍሬም ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። ሙሉነሽ አልሳቀችም። ስልኩን ከፀሐይ ከልላ ብዙ አየችው።

‹‹ይኼ ግራው ለጋሚ ነው›› አለች በመጨረሻ። ‹‹እንዲህ ያለው ነበረኝ። ሸጬው አልቅሻለሁ።›› ከዚያ ልጇን ጠርታ በልጇ ስልክ ላይ አስጫነች። ከፍላ፤ በፊታችን፤ ጮክ ብላ። ‹‹እኔ እንደ ቤተ ክህነት ሰው አልሰርቅም›› አለች። ማሳው ሙሉ ሰማ። እኔ የገብሱን ዛላ እመረምር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። ኅዳር እንደምታውቂው በበዓል የተሞላ ነው። ገብሱ ይረግፋል፣ ጥምቀት ይቀርባል፣ እኛ ማጭድ ሰቅለን ሚካኤልን እናከብራለን፣ ጽዮንን እናከብራለን። በግንቦት በኩራት የላክሁት ዝርዝር ኅዳር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ‹‹የኔታ፣ ይህችን በዓል እንኳን በትንሹ…›› ብሎ ጀመረ። አጥሩ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ አየሁት። ይሠራል። መቅደስ ልክ ናት።

ሙሉነሽ በወሬ ስለማትሰንፍ ሌሎቹም ባለማሳዎች ጠሩን። አምስት ማሳ አጨድን። እኔ በሁለተኛው ወገቤ ተይዞ ዜማ በማሰማት ነው ያገዝሁ። ኤፍሬም ገብሱን ሸጦ ብሩን በስልኩ ልኮላታል፤ የሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ሰው። አንዱ ደምስሶ ቀርቷል፤ አልተቀየምሁትም፤ ስሙን ግን አውቀዋለሁ። ባለማሳዎቹ በገዛ ራሳቸው የገዙትን አልቆጠርሁም፤ እርሷ ትቁጠረው።

የሚበቃት መሆኑን አላውቅም። ዘግይተንም እንደሆነ አላውቅም። ሻንጣው ተጠግኖ አልቋል ወይ?

ይስሐቅ

—

ታምፔሬ
ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ

ለከተራው በሰላም ያድርስዎ። ወገብዎን እግዚአብሔር ይዳስስልዎ።

ሻንጣው ተጠግኗል። መቅደስ ይዛው ሄዳ ነበር፤ ወገዳ። አቶ ቢሆነኝ አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ድምፁን ለመቅዳት።

ለድርጅቱ የጻፈችውን መልስ አሳየችኝ። ‹‹ስለ ጥሩ ደመወዛችሁ አመሰግናለሁ። መንኰራኩራችሁ ግን ያለ እኔም ይዞራል›› ይላል። የእናንተ ብር ኪራይዋን እስከሚቀጥለው ክረምት ችሏታል። ከዚያ በላይ ያስቀራት ግን ሌላ ነው፤ ኤፍሬም የላከላት ፎቶ። ሁለት መቶ ሰው ማጭድ ይዞ፣ በመሀል እርስዎ ወገብዎን ይዘው። ከኮምፒውተሯ በላይ ለጥፋዋለች። ‹‹ከዚህ በኋላ ስሕተት ብሠራ የምፈራው ሰው አለኝ›› አለችኝ።

አዲስ ክፍል ሠርታለች፤ አውድማውን። ለከፈለ ሰው ሁሉ በነጻ ነው፤ እርስዎም ከከፈሉት ነዎት። ይክፈቱት። አውድማው ላይ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ አለ። ከዚያ በላይ አልነግርዎትም።

ሰናይት

—

ቤተ ልሔም
ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት

ደስታሽ እንደ አጨዳ ይብዛ፤ ድካሙ ለሌላ ይሁን። ዘንድሮ ምንም አትላኪልን። ላስቲኩ ይዟል፤ ገብስም ተርፎናል።

አውድማውን ከፈትሁት። እህሉን አበራየሁ፣ አነፈስሁ፣ ከመርሁ። ክምሩ ገና ሳይሰፈር ጥምጣም ያደረገ ሽማግሌ መጣ። ሰላምታው ረጅም ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ ቁና አንሥቶ ከክምሬ እየሰፈረ ላላፊ አግዳሚው ያድል ጀመር። የእኔን እህል። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ልክ የለውም።

ስሙ አልተጻፈም። ጥምጣሙ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል።

ኤፍሬም በትከሻዬ በኩል አይቶ ‹‹የኔታ፣ ማንን ይመስላል?›› አለኝ። ‹‹ሂድና ቀጽል›› አልሁት። ማታውን ጉባኤው ሁሉ ሲስቅ ሰማሁ፤ በዜማ ነው የሚስቁት፤ እኔው ነኝ ያስተማርኋቸው።

የከለከሉት እንደሆነ መርቆ ይሄዳል ይላሉ። የተዉት እንደሆነ ግን በሚቀጥለው ኅዳር ማጭድ ይዞ ይመለሳል አሉ። እኔ ትቼዋለሁ። ክምሬ ተጋምሷል። በጨዋታው አሁን ሰኔ ነው፤ ዳልቻ እንደ ልማዱ ለግሟል፤ እየጠበቅሁ ነው።

ለዚያ ዝምተኛ ባልደረባሽ ንገሪው፤ ሽማግሌውን አይከልክለው። ይቆያል እንጂ ይመጣል። አውቀዋለሁ።

መሪጌታ ይስሐቅ